ጋሼ ሲገቡ ጆይስቲክ ይቀመጣል

የአክስቴ ሱቅ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ነው። ፊት ለፊት በርበሬ፣ ሽሮና የበግ ሥጋ ይሸጣል። ከኋላ ግን፣ ድሮ የጤፍ ከረጢት ይከመርበት በነበረው ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰው ይደባደባል። ድብድቡ በስክሪን ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ጆይስቲክ ይዞ፣ አንዱ ያንዱን ተዋጊ መሬት ላይ እስኪዘርር ይማታል። የተሸነፈ ይነሳል፤ ተራ የያዘ ይቀመጣል። ሂጃብ የለበሰች የደሴ ልጅ እዚያ መሀል ምን ታደርጋለች ብለው ለሚጠይቁኝ ዘመዶቼ መልሴ አንድ ነው፤ ታሸንፋለች።

ክፍሉ ሁለት ሕጎች አሉት። አንደኛው የትም አገር ያለ የድብድብ ጌም ተጫዋች የሚያውቀው ነው። በጨዋታ መሀል ያቆመ ሰው ያን ዙር ተሸነፈ። ሕጉ የመጣው ከድሮዎቹ ጌም ቤቶች ነው። እዚያ ማሽኑ ሳንቲም ከዋጠ በኋላ ለማንም አይቆምም ነበር፤ ሽንትህ ቢመጣ፣ እናትህ ከበር ላይ ብትጠራህ የራስህ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ሕግ የእኛ ብቻ ነው። ጋሼ ሲገቡ ጆይስቲክ ይቀመጣል።

ጋሼ ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ኮሌጅ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። የሚኖሩት ከሱቁ ማዶ ባለው የአዛውንቶች አፓርታማ ነው። ቅዳሜ ሲሆን ባለ ጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ መጥተው፣ እኛ በምንጫወትበት ክፍል ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ስንት ጸጥ ያለ ቦታ እያለ በኛ ጫጫታ መሀል ለምን እንደሚያነቡ አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር።

"ጸጥታው ቤቴም አለ" አሉኝ።

ሕጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያመጣሁትም ሳላስበው ነው። ያን ቀን የምጫወተው ከጓደኛዬ ጋር ነበር። ጓደኛዬ የፊሊፒን ልጅ ናት፤ ሳን ፓብሎ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ እዚሁ ቅርብ ኒውአርክ ካለ መጋዘን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት ትነዳለች። ከኛ ክፍል የሚደርስባት የለም። እኔ እንኳ የማሸንፋት እሷ ስትደክም ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ደክሟት ነበርና አንድ ምት ቀርቶኝ ነበር። በሩ ተከፈተ፤ ጋሼ ገቡ። እግሬ ከኔ ቀድሞ ተነሳ። "ኖር ጋሼ" ስል ጆይስቲኩ ወንበሬ ላይ ቀርቷል። በጌም ቤት ሕግ መሠረት ጓደኛዬ የቆመ ተዋጊዬን እስኪወድቅ የመደብደብ መብት ነበራት። ዞር ስል ግን የራሷንም አስቀምጣለች።

"ምን ሆነ? ማን ሞተ?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተም። ትልቅ ሰው ገባ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ብላ ብድግ አለች። ወደ ጋሼ ሄዳ እጃቸውን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ግንባሯን አስነካችው። በነሱ አገር ትልቅ ሰው ሰላም የሚባለው እንዲህ ነው። ጋሼ እጃቸውን መልሰው አገላብጠው አዩት። ዙሩ ማንም ሳያሸንፍ ሰዓቱ አለቀና እንደገና ጀመርነው፤ አሸነፈችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ያዙት። ክፍላችንን ክፍል ያደረጉት የኦክላንድ ጥቁር ልጆች ናቸው። ጩኸቱን፣ ለከፋውን፣ ያሸነፈ ሰው ተነስቶ ወንበሩን አንድ ዙር የሚዞርበትን ወግ ያመጡት እነሱ ናቸው። ከነሱ መሀል አንድ አፈኛ አለ፤ ስትጫወት ጆሮህ ስር ቆሞ እናትህ ስለወለደችህ የሚያዝንልህ ዓይነት። እሱ እንኳ የመደገፊያው ጎማ ሲጢጥ ሲል ከሰማ ኮፍያውን አውልቆ "ኖር!" ይላል፤ ክፍሉ በሙሉ ይከተለዋል። የሜክሲኮው፣ የቬትናሙ፣ የየመኑ ልጅ፣ ሁሉም በየአፉ "ኖር" ይላል። ቃሉ በነሱ አፍ ሲባል ደስ ይለኛል።

ጋሼ ግን አይወዱትም። ተማሪ ሳሉ ባለሥልጣን ሲገባ አንነሳም ብለው ከክፍል ከተባረሩት ልጆች አንዱ ነበሩ። "እኛ ሰው ለሰው እንዳይነሳ ታገልን፤ እናንተ በስተርጅናዬ መልሳችሁ ጌታ አደረጋችሁኝ። ቁጭ በሉ!" ይላሉ። ለ"ኖር" የሚመለሰውን "በእግዜር" አንድም ቀን ብለው አያውቁም። ሁልጊዜ "ቁጭ በሉ" ነው፤ እኛም እየሳቅን እንቀመጣለን።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳን ሆዜ ነው የምሠራው። ይህንኑ ጌም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ቴስተር ነኝ፤ ሰው ከመግዛቱ በፊት ጌሙን እየሰበርኩ የት እንደተሰበረ እጽፋለሁ። የኔ ባህርይ ላላት ሴት የተፈጠረ ሥራ ነው። ቢሮው ውስጥ ስለ ተጫዋቾች ሲወራ "ኮሚዩኒቲ" የምትል ቃል አለች። በየሚቲንጉ ትነሳለች፤ እንደ ጨው ምኑም ላይ ትነሰነሳለች።

አንድ ጊዜ የቢሮው ሰዎች ይህን ኮሚዩኒቲ ለማየት ካሜራ ተሸክመው አክስቴ ሱቅ መጡ። ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ማውለቅ አለብን ወይ ብለው ጠየቁ። አፈኛውን ቀረጹት፤ ወንበር ሲዞር ቀረጹት። የጓደኛዬን ጃኬት ከፊትም ከኋላም አነሱት። ጃኬቱ የመጋዘን የሥራ ልብስ ነው፤ ለጆይስቲክ እንዲመቻት እጅጌውን ራሷ በመቀስ ቆርጣዋለች። ከወራት በኋላ ጌሙ ውስጥ አዲስ ልብስ ተብሎ ለሽያጭ ወጣ። እጅጌው ላይ የተንጠለጠለው ክር እንኳ አልቀረም። ጓደኛዬ የራሷን ጃኬት ገዛችው።

"ምን ላድርግ፣ ተዋጊዬ ይበርዳታል" አለችኝ፤ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ደሜ ፈላ።

መወሰዱ አይደለም ያናደደኝ። የድብድብ ጌም ድሮም የሚሠራው ከታች ነው። ዲዛይነር ያላሰበውን ምት ከምት ማያያዝ በየጌም ቤቱ የሚውል ሥራ ፈት ያገኘዋል፤ ስህተት ነው ተብሎ ሊደፈን ሲል ሰው ስለወደደው የጌሙ ነፍስ ይሆናል። ተራ መያዙ፣ ለከፋው፣ አለባበሱ፣ ኮሜንታተሮቹ የሚያወሩበት ቋንቋ ሳይቀር ከእንደኛ ዓይነት ክፍል የወጣ ነው። ድርጅቶቹ ይህን ሁሉ ወስደው መልሰው ሸጡልን። ይሁን። ያናደደኝ የሚመርጡት ነገር ነው። ጃኬታችን ባህል ተባለ፤ ጩኸታችን ባህል ተባለ። አክብሮታችን ግን ሌብነት ተባለ።

ይህን የምለው ስለ አዲሱ ሲስተም ነው። ለውድድር ብቻ የሚሠራ ሲስተም ነው፤ የሁለቱንም ተጫዋቾች እጅ ይጠብቃል። ሁለቱም ለጥቂት ሰከንድ ጆይስቲክ ካልነኩ፣ ተስማምተው ጨዋታ ሊሸጡ ነው ብሎ ይቆጥርና ሁለቱንም ያባርራል። ገና በሞከርኩት ቀን ጋሼ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ከበሩ እስከ ወንበራቸው ለመድረስ የሚፈጅባቸውን ጊዜ አውቀዋለሁ፤ ሲስተሙ የዚያን ግማሽ እንኳ አይታገስም። ባግ፣ ማለትም የጌሙ ጉድለት፣ ብዬ ጻፍኩት፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ተጫዋቾች ይነሳሉ፣ ጌሙም ሌባ ያደርጋቸዋል አልኩ። "እንደታቀደው ይሠራል" የሚል መልስ መጣና ተዘጋ። ከፈትኩት። ተዘጋ። ሦስተኛ ስከፍተው አለቃዬ ቢሮው አስጠራኝ።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"እንዲህ የሚያደርግ ስንት ተጫዋች አለ?" አለኝ።

"የኛ ክፍል በሙሉ።"

"እሱን አውቃለሁ። ግን ዳታው ላይ አይታይም።"

"ጃኬቱስ ዳታው ላይ ታይቶ ነበር?"

ሲስተሙ ሽማግሌን ከሌባ መለየት እንደማይችል፣ ለአንድ ክፍል ብሎ ደግሞ እንደማይቀየር በትሕትና አስረዳኝ። ባጉን ዓይኔ እያየ ዘጋው።

ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ማጣሪያ ውድድሮቹን በትልልቅ አዳራሽ ሳይሆን እንደኛ ባሉ ትንንሽ ክፍሎች እንደሚያደርግ ተነገረ። የኛም ተመረጠ። የሚያሸንፈው ሰው ዋናው መድረክ ላይ ይወጣል፤ ዓለም በቀጥታ ያየዋል። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ሁለቴ አስደገመችኝ። ፎርክሊፍት ከመንዳቷ በፊት፣ የሰፈሯ የገበያ ሞል ውስጥ የነበረው ጌም ቤት ሳይዘጋ ጀምሮ ትጫወታለች። እናቷ እስከዛሬ "ያ ነገርሽ" ከማለት በቀር የጌሙን ስም ጠርታ አታውቅም።

"አንድ ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ ልቀመጥ" አለችኝ። "እናቴ ሶፋዋ ላይ ሆና ትየኝ። ከዚያ በኋላ ብሸነፍም ግድ የለኝም።"

ውድድሩ ሲቃረብ አለቃዬ ደወለልኝ። እሱም እንደሚመጣ ነገረኝና አንድ ነገር ለመነኝ። "ሽማግሌው ያን ቀን ፍጻሜው ካለቀ በኋላ ይምጡ። ንገሪያቸው።"

"አልነግራቸውም" አልኩት።

"ለኔ አይደለም። ለጓደኛሽ ስትይ።"

ስልኩን ዘጋሁበት፤ ነገሩ ግን ሆዴ ገብቷል። ሁለት ቀን ስብሰለሰል ቆይቼ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አትምጡ ልላቸው አልነበረም፤ እንዲቆጡ ፈልጌ ነበር። የድሮው ተማሪ ተነስቶ "ማን ነኝ ብሎ ነው!" እንዲልልኝ ፈልጌ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሲስተሙ፣ ስለ ጓደኛዬ፣ ስለ እናቷ፣ አለቃዬ ስላለው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ታዲያ ይሄ ምን ያስቸግራል? አልመጣም። ተነሱልኝ ያልኩት ሰው አለ? ፋይናሉ ሲያልቅ ቴክስት አድርጊልኝ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ እንዲቀሩ ብዬ አይደለም የመጣሁት።"

"ልጅቷ ትለፍ። እኔ ጋዜጣዬን እዚህም አነባለሁ።"

ስወጣ ተናድጄ ነበር፤ በእሳቸው፣ በአለቃዬ፣ በራሴ። ቀለል ብሎኛል ደግሞ፤ ቀለል ስላለኝ ይበልጥ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ክፍሉ መተንፈሻ አልነበረውም። ከሪችመንድ፣ ከሳን ፓብሎ፣ ከሄይዋርድ ሰው መጥቷል። አክስቴ ከሥጋ መቁረጫዋ ዞር እያለች "በአላህ፣ በሩን አትዝጉብኝ፣ ከስተመሮቼ ሊያልፉ ነው" ትላለች። አለቃዬ ከስክሪኑ ጎን አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ቆሟል። ጥጉ ላይ የጋሼ ወንበር ባዶ ነው። ቦታ የጠፋበት ሰው ሁሉ አየት እያደረገው ያልፋል፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ጓደኛዬ ወንበሩን ስታይ ወደኔ ዞረች።

"አሟቸው ነው?"

"አልመጣም ብለው ነው" አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም።

ሰው ሁሉ እየተጠረገ ሄዶ ለፍጻሜው ጓደኛዬና አንድ የሳን ሆዜ ልጅ ቀሩ። ልጁ እኛ ክፍል ገብቶ አያውቅም፤ ኢንተርኔት ላይ ብቻውን የሠለጠነ ነው። ከቤቱ ይዞት የመጣው ጆይስቲክ ያብረቀርቃል፤ እሱ ራሱ ዝምተኛ ነው። አፈኛው ጆሮው ስር ሲለፈልፍ ፈገግ እንኳ አላለም። እኩል እኩል ሄደው የመጨረሻው ዙር ላይ ደረሱ። ከዚያ ጓደኛዬ ጥግ አስያዘችው። አንድ ምት ቀርቷት ነበር። ክፍሉ ስለጮኸ የፊተኛው በር ሲከፈት አልሰማነውም፤ የሰማነው ጎማው ሲጢጥ ሲል ነው።

ጋሼ የኋለኛው ክፍል በር ላይ ቆመዋል። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጋዜጣቸውን መደገፊያው ላይ ሰክተው። እንደዚያ ጮኸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ማንም እንዳይነሳ! ቁጭ በሉ! ተጫወቱ!"

ጓደኛዬ ከአማርኛ የምታውቀው "ኖር"ን እና "ቁጭ በሉ"ን ነው። ምን እንደተባለች ገብቷታል። ስክሪኑን አየች፤ ጋሼን አየች፤ ጆይስቲኳን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ ተነሳች። አፈኛው ኮፍያውን አወለቀ። "ኖር!" አለ ክፍሉ፤ እኔም፣ ቢላዋዋን እንደያዘች ከፊት የመጣችው አክስቴም።

የሳን ሆዜው ልጅ ብቻ ቀረ። ከፊቱ ያለችው ተዋጊ እጇን አውርዳ ቆማለች፤ እየደጋገመ ቢመታት ውድድሩ የሱ ነበር። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ግራ ቀኝ አየ። "ምንድነው?" አለ፤ የመለሰለት የለም። ከዚያ የሚያብረቀርቅ ጆይስቲኩን እግሩ ስር አስቀምጦ ቆመ።

ስክሪኑ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ጋሼ ክፍሉ መሀል ደርሰዋል፤ እግራቸው ከዚያ በላይ አይፈጥንም። "ተቀመጡ ብያለሁ እኮ" አሉ። አንድም ሰው አልተቀመጠም። ስክሪኑ ቀይ ሆነ፤ ሁለቱም ተባረሩ።

አለቃዬ ቶሎ ብሎ መሀል ገባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሁለቱ ነገራቸው፤ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። ጆይስቲካቸው ተበላሽቶ ነው ካሉ ዙሩ ይደገማል፤ ለዚያ ሥልጣን አለው። ሊረዳቸው ፈልጎ ነው፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

"ጆይስቲኬ ደህና ነው" አለች ጓደኛዬ።

"እንዲህ በይ ብቻ። የምትፈርሚው ነገር የለም።"

"ደህና ነው አልኩህ። የተነሳሁት ፈልጌ ነው።"

ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ መሬት ላይ ያለውን ጆይስቲክ አየት አደረገና "የኔም ደህና ነው" አለ።

ዋናው መድረክ ላይ የሚያስወጣው ትኬት ለሌላ ከተማ ተሰጠ። ይህን የምጽፈው ነገሩን ለማሳመር አይደለም። ጓደኛዬ ያን ዕለት ማታ ሶፋው ላይ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ አልቅሳለች፤ ራሷ ነግራኛለች። እኔም ሳስበው እስካሁን አንጀቴ ያርራል።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ደርሰው ሲቀመጡ ሄጄ ለምን እንደመጡ ጠየቅኳቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኩ።

"ቤቴ ቁጭ ብዬ ጋዜጣው አልነበብ አለኝ" አሉ። "ያኔ ካልተነሳችሁ ትባረራላችሁ አሉን። አሁን ደግሞ ከተነሳችሁ ትባረራላችሁ ይላሉ። ያው ሰውዬ ነው። እኔ ልቆጣችሁና ልቀመጥ ነው የመጣሁት፤ ልጅቷ ግን..." ንግግራቸውን አልጨረሱትም። "እስቲ ጥሪያት።"

ጠራኋት። መጥታ እጃቸውን ለመያዝ ጎንበስ ስትል ጋሼ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ልረዳቸው ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። ጊዜ ወሰደባቸው፤ ክፍሉ ጠበቀ። ቀጥ ብለው ቆመው ኮታቸውን አስተካከሉ።

"ኖር" አሏት።

ጓደኛዬ ከሳቸው በተማረችው፣ በዚያው በቁጣው ድምፅ፣ "ቁጭ በሉ!" አለቻቸው።

ሰኞ ሳን ሆዜ ገባሁ። ባግ ስንጽፍ የምንሞላው ቅጽ ምን ተፈጠረ ብሎ ይጠይቃል። ሲስተሙ እንደታቀደው ሠርቷል፣ ሰዎቹም እንደታቀደው ተነስተዋል ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ባጉን እንደገና ከፈትኩት።